ውሃው ከደጋ መጣ፤ በሽታው ከየት መጣ?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ልጅ፣ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አባቱ፣ እንዲሁም እኔ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ሳልጠይቀው ስላለፍኩት አንድ ጥያቄ ነው። ታሪኩን እንዳካፍላችሁ ወላጆቹ ፈቅደውልኛል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ግን ጥቂት ነገሮችን ቀይሬአለሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ታደርሱታላችሁ።

ሦስተኛው ጊዜ

ልጁ የ14 ወር ወንድ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ ነበረው። ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ሰጠሁት፤ እናቱንም እንደ ሁልጊዜው "ውሃ አፍልተሽ አጠጪው እህቴ" ብዬ ሸኘኋት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ያው ተቅማጥ ነው። እናቱ "የሚዋጥ ጠንከር ያለ ነገር የለም ወይ ዶክተር?" አለችኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን የፀረ ባክቴሪያ ሽሮፕ ጻፍኩላት። ደም የሌለበት ውሃ መሰል የልጆች ተቅማጥ በአብዛኛው ፀረ ባክቴሪያ እንደማያስፈልገው አውቃለሁ። ግን ማስረዳት ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ እኔም ጊዜውን አልሰጠኋትም።

ሦስተኛው ጊዜ እሁድ ነበር። ሰንበቴን የምታውቁ እሁድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው እህሉን፣ ፍየሉንና ጨሌውን ይዞ የሚገናኝበት ትልቁ ገበያ የሚቆመው በዚያ ቀን ነው። በዚያ ግርግር መሃል ልጁን አቅፈው የገቡት አባቱ ነበሩ። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩ ሰው ናቸው። እናቱ ከኋላ ትከተላለች።

የልጁ ዓይን ጎድጉዷል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ውሃ ሲያይ ግን ለመጠጣት ይንሰፈሰፋል። ይህ ማለት ከሰውነቱ ብዙ ፈሳሽ ወጥቷል፤ ግን መጠጣት ስለሚችል ከዚያው እያየነው ኦ.አር.ኤስ. በመስጠት ልንመልሰው እንችላለን ማለት ነው። መጠኑ በልጁ ክብደት ይሰላል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር በአራት ሰዓት ውስጥ። ልጁ 8 ኪሎ ነበርና 600 ሚሊ ሊትር ያስፈልገው ነበር። ለአባቱ ኩባያና ማንኪያ ሰጠኋቸው። "በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ይጠብቁና ቀስ ብለው ይቀጥሉ" አልኳቸው።

በማንኪያ ማጠጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። አራት ሰዓት ሙሉ። እኔም በመሃል በመሃል እየተመለስኩ አያለሁ። ያ አራት ሰዓት ነው በሁለቱ ቀጠሮ ያላገኘነውን ጊዜ የሰጠን።

"ውሃ ነው እንዳይሉኝ"

ገና ስለ ውሃ ማንሳት ስጀምር አባቱ አቋረጡኝ።

"ዶክተር፣ ውሃ ነው እንዳይሉኝ። የዚህን ልጅ ውሃ እኔ ራሴ ከደጋ ነው የማመጣው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቧንቧው በሚጠፋበት ሰሞን እናቲቱ በጀሪካን ከጋሪ እየገዛች ስትቸገር አይተው፣ ተሳቢያቸው ጎን ላይ 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል በብረት አሳሰሩ። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ደብረ ሲና ላይ ቆመው ከቧንቧ ይሞሉታል። ጣርማ በርን አልፈው የወረዱትን ያንን ብርዳም አየር ውሃው ውስጥ ይዘውት የሚመጡ ይመስላቸዋል። ሸዋ ሮቢትን አልፈው ሰንበቴ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ይመሻል። መኪናውን ከቤታቸው አጠገብ አቁመው ውሃውን ወደ ቤቱ በርሜል ያወርዳሉ። ከዚያ ነው አልጋ የሚታሰባቸው።

ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ ኩራት ነበር። ሊኖርም ይገባል። ስንት አባት አለ እንዲህ የሚያደርግ?

"ከመኪናው ወደ በርሜሉ እንዴት ነው የሚያወርዱት?" አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ሳልጠይቅ ያለፍኩት ጥያቄ ይህ ነው።

"በጎማ ነዋ። ረዳቱ አንድ ጊዜ ይስበዋል፤ ከዚያ በራሱ ይወርዳል።"

"በአፉ?"

"በምን ይሳባል ታዲያ?" ብለው ሳቁ።

"ናፍጣም ሲያስፈልግ በዚያው ነው የምትስቡት?"

ማንኪያዋ ልጁ አፍ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። "አልፎ አልፎ… ግን ይታጠባል።"

"ሲያበቃስ የት ይቀመጣል?"

"ተጠቅልሎ ከሻንጣው ሥር፤ ከሸራውና ከገመዱ ጋር።"

እናቱ እስካሁን ዝም ብላ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እኔ ግን አፍልቼ ነው የማጠጣው ዶክተር። እንዳሉኝ" አለች።

"ካፈላሽው በኋላ ምን ውስጥ ታደርጊዋለሽ?"

"እዚያው ጀሪካን ውስጥ መልሼ። ይቀዘቅዝ ብዬ። ከዚያ ትልልቆቹ ልጆች በጣሳ እየጠለቁ…" ብላ አቆመች። ጀሪካኑ አንገቱ ተቆርጦ አፉ እንዲሰፋ የተደረገ ነው፤ ጣሳ እንዲገባ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሁለቱም ወላጆች የተባሉትን ሁሉ አድርገዋል። አባት ጥሩ ውሃ አምጥቷል፤ እናት አፍልታለች። ጎደሎው ከእኔ ምክር ነበር። "አፍልተሽ አጠጪ" አልኩ እንጂ ውሃው ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲሄድ ምን እንደሚያገኘው አልተናገርኩም።

ውሃው ስንት ጊዜ ዕቃ ቀየረ?

ወረቀት አንስተን አብረን ቆጠርን።

ከደብረ ሲና ቧንቧ ወደ ተሳቢው በርሜል፣ አንድ። ከተሳቢው በቱቦ ወደ ቤቱ በርሜል፣ ሁለት። ከበርሜሉ በጣሳ ወደ ድስት፣ ሦስት። ፈልቶ ከድስቱ ወደ ጀሪካን፣ አራት። ከጀሪካኑ በጣሳ ወደ ልጁ ኩባያ፣ አምስት።

አንድ ውሃ አምስት ጊዜ ዕቃ ቀየረ። በእያንዳንዱ መተላለፊያ ላይ እጅ፣ አፍ፣ ቱቦ፣ ጣሳ ወይም አቧራ ነክቶታል። ማፍላቱ የመጣው ሦስተኛው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለመጡት ለአራተኛውና ለአምስተኛው ምንም መከላከያ አልነበረውም።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ይህን ነው። ማፍላት በዚያች ሰዓት ውሃው ውስጥ ያሉትን ተዋሲያን ይገድላል። ነገር ግን የፈላ ውሃ ራሱን አይጠብቅም። ያልታጠበ እጅ ያለበት ጣሳ ከገባበት ተመልሶ ይበከላል። ክሎሪን ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። መጠኑ በቂ ከሆነ ጥቂቱ ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ በኋላ የሚገባውንም ተዋስያን ይዋጋል። እሱም ቢሆን ዘላለም አይቆይም። ሙቀት፣ ፀሐይ፣ ጊዜና ቆሻሻ ይጨርሱታል። ተሳቢ ላይ ታስሮ ቆላ ለቆላ በፀሐይ የተጓዘ ውሃ፣ ከቧንቧው ሲቀዳ የነበረው ክሎሪን ቤት እስኪደርስ ላይኖር ይችላል።

የአያቶቻችን እንስራ

ይህ የሰንበቴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውሃ ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ ተቀድቶ ቤት ሲደርስ ተበክሎ መገኘቱ በብዙ አገሮች በተደጋጋሚ በጥናት የታየ ነገር ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በህንድ ካልካታ ከተማ በድሆች ሰፈር የኮሌራ ሕመምተኛ ያለባቸው ቤተሰቦች ጠባብ አንገት ያለው የውሃ ማሰሮ ተሰጣቸው። እጅ የማያስገባ ስለሆነ ውሃውን ማንቆርቆር እንጂ መጥለቅ አይቻልም። በእነዚህ ቤቶች በሽታው ወደ ሌላው የቤተሰብ አባል የመተላለፉ ዕድል በግልጽ ቀነሰ። በ1993 ደግሞ በማላዊ በሚገኝ የሞዛምቢክ ስደተኞች መጠለያ፣ ክዳንና ማንቆርቆሪያ አፍ ያለው ባልዲ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ተቅማጥ ቀንሶ ታይቷል። ውሃው አልተቀየረም። የተቀየረው ዕቃው ነው።

ይህን ስነግራቸው እኔ ያሰብኩት የአያቴን እንስራ ነበር። አንገቱ ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባበትም፤ ዘንበል ተደርጎ ይቀዳል። እኛ ቢጫ ጀሪካን ስናገኝ እንስራውን ጣልን። ጀሪካኑም አፉ ጠባብ ነበርና ደህና ነበር። ችግሩ አንገቱን ቆርጠን ጣሳ ስናስገባበት መጣ።

እናቱ ግን ከእኔ የተሻለ ምሳሌ አገኘች። ፈገግ ብላ፣ "ዶክተር፣ የውዱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ማንም እጁን አያስገባም። የምንጠጣው ውስጥ ግን እናስገባለን ማለት ነው?" አለች።

አዎ እህቴ። ልክ እንደዚያ ነው።

ለአንድ አባት እንዴት ይነገራል?

አባቱ ዝም አሉ። በማንኪያ ማጠጣታቸውን ቀጠሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከልጁ ላይ አላነሱም። ቆይተው፣ "እና እኔ ነኝ ያሳመምኩት?" አሉኝ።

በሕክምና ትምህርት ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተማርኩም። "አይደለም" ብላቸው ውሸት ይሆናል። ጀርሙ ከቱቦው ይሁን ከጣሳው ወይስ ልጁ ከወለል አንስቶ አፉ ከከተተው ነገር፣ እኔም በእርግጠኝነት ማወቅ አልችልም። "አዎ" ብላቸው ደግሞ በሚቀጥለው ጉዞ ደብረ ሲና ላይ አይቆሙም፤ ቤተሰቡም የነበረውን ውሃ ያጣል። በልጆች ጤና ላይ የውሃ ማነስም እንደ ውሃ መበከል ይጎዳል። ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀረው እጅ መታጠብ ነውና።

ስለዚህ ያመንኩበትን አልኳቸው። "አብሽሩ። ውሃውን ማምጣትዎን እንዳይተዉ። ሁለት ጊዜ መጥቶ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። አሁን የምንቀይረው አወራረዱን ብቻ ነው።"

ልጁ ከአራት ሰዓት በኋላ 600 ሚሊ ሊትሩን ጨርሶ፣ ሸንቶ፣ የእናቱን ሻሽ መጎተት ጀመረ። ዓይኑ ተመለሰ። እኛም በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ የምናደርገውን ጻፍን። ለእናንተም ይጠቅማልና አስፍቼ ልጻፈው። ተሳቢ ባይኖራችሁም ጀሪካን፣ በርሜል ወይም ሮቶ የሌለው ቤት ጥቂት ነው።

ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ ስንገለብጥ

1. በአፍ አትሳቡ። ውሃ ከፍ ካለ ቦታ ዝቅ ወዳለ ቦታ በራሱ ይወርዳል። የተሳቢው በርሜል ከቤቱ በርሜል ከፍ ስለሚል ከሥሩ ቧንቧ (መክፈቻ) ቢገጠምለት መሳብ ከነጭራሹ አያስፈልግም። ቧንቧ ከሌለ ቱቦውን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ሙሉት፤ ሁለቱን ጫፍ በታጠበ አውራ ጣት ዝጉ፤ አንዱን በርሜሉ ውስጥ አጥልቃችሁ ሌላውን ዝቅ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ይወርዳል። ናፍጣና ቤንዚን በአፍ መሳብ ደግሞ ለሳቢው ራሱ አደገኛ ነው። ትንሽ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ጉዳት ያመጣል። ረዳቶቻችንን እንንገራቸው።

2. የውሃ ቱቦ የውሃ ብቻ ይሁን። ናፍጣ የነካውን "ታጠበ" ብላችሁ ለመጠጥ አትመልሱት። ማፍላትም ሆነ ክሎሪን ነዳጅን አያጠፋም። ቱቦውን ከተጠቀማችሁ በኋላ ውሃውን አንጠፍጥፉ፤ ሁለቱን ጫፍ በንጹሕ ላስቲክ አስራችሁ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ውስጡ ውሃ ቀርቶ ሙቀት ላይ ከቆየ የሚያዳልጥ ሽፋን ይፈጠራል፤ ተዋስያንም እዚያ ይራባሉ።

3. የቱቦው ጫፍ መሬት አይንካ፤ በርሜሉ ውስጥም አይነከር። ከአፉ ከፍ ብሎ ይፍሰስ። ጫፉ ውሃው ውስጥ ከተነከረ ቱቦው ላይ ያለው ቆሻሻ ይታጠብበታል፤ ግፊቱ ሲቀንስም ውሃው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

4. ገልባጩ አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ማንቆርቆሪያ ከሌላችሁ የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። እሱም ታጥቦ፣ ተሸፍኖ ይቀመጥ።

5. የመጠጡን ለዩ። የልብስና የዕቃ ማጠቢያው በርሜል ውስጥ ይቆይ። የሚጠጣውን ብቻ አፉ ባልተቆረጠ፣ ክዳን ባለው አንድ ጀሪካን ወይም ባለ ቧንቧ ባልዲ አድርጉ። አንቆርቁሩ እንጂ አትጥለቁ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ደስ ይለኛል።

6. የምታክሙት መጨረሻ ላይ ባለው ዕቃ ነው። የውሃ ማከሚያ ፍሬው 67 ሚሊ ግራም የሚል ከሆነ አንዱ ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ 30 ደቂቃ ጠብቁ። እንደ ውሃ አጋር ያለ ፈሳሽ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ አስተኝታችሁ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ለደፈረሰ ውሃ ቢሻን ጋሪ የሚባለው ዱቄትም አለ፤ ስሙ በኦሮምኛ "ጥሩ ውሃ" ማለት ነው። እሱንም እንደ መመሪያው ተጠቀሙ። የምታፈሉ ከሆነ ደግሞ ተንፈቅፍቆ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ደጋ ለሆናችሁ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ወደ ታጠበና ክዳን ወዳለው ዕቃ ገልብጡት።

7. ዕቃውን እጠቡ። ለ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት 5% በረኪና አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ሁሉንም ጎን እንዲነካ ናጡት። ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ አቆይታችሁ ድፉት፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ውስጡ አረንጓዴ ከያዘ አስቀድማችሁ በሳሙናና በጥቂት ንጹሕ ጠጠር ናጡት። ለትልቅ በርሜልና ለሮቶ ሒሳቡ ለእያንዳንዱ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር በረኪና ነው። ለ200 ሊትር በርሜል 200 ሚሊ ሊትር፣ ለ1,000 ሊትር ሮቶ 1 ሊትር። ሞልታችሁ፣ በቧንቧውና በቱቦው ትንሽ አፍስሳችሁ፣ አሳድራችሁ ጠዋት ድፉት፤ ሽታው እስኪለቅ አለቅልቁት። ይህ የማጠቢያ መጠን ነው፤ አይጠጣም። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ስለ ጀሪካንና በርሜል ሌሎች አራት ነገሮች

የመጀመሪያው ለገበሬ ወገኖቼ ነው። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ የፈለገውን ያህል ቢታጠብ የውሃ ዕቃ አይሆንም። መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። ከገበያ አሮጌ ጀሪካን ስትገዙ ቀድሞ ምን እንደያዘ ጠይቁ፤ አሽትቱት። የምግብ ዘይት ከነበረ ታጥቦ ያገለግላል። ምን እንደነበረ የማይታወቅ ከሆነ ለመጠጥ አትግዙት። ባዶውን የመድኃኒት ዕቃ ደግሞ ብሱትና ማንም እንዳይጠቀምበት አድርጉ።

ሁለተኛው መስጠም ነው። ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ባልዲ ውስጥ ባለ ጥቂት ውሃ ሊሰጥም ይችላል። ራሱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ከወደቀ መውጣት አይችልም። ድምፅም አያሰማም። በርሜላችሁ የሚቆለፍ ወይም ከባድ ክዳን ይኑረው፤ ባልዲውን ስትጨርሱ ድፉት።

ሦስተኛው ትንኝ ነው። ክፍት በርሜልና ክዳን የሌለው ሮቶ የትንኝ ማሳደጊያ ነው። ቀን ቀን የምትነድፈውና የደንጌን፣ የቺኩንጉንያን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትወደው ንጹሑን የተጠራቀመ ውሃ ነው። ድሬዳዋ በ2013 ደንጌ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ያየችው በዚህች ትንኝ ነው። ወባን የምታስተላልፈው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝም አለች። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘች ሲሆን በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። እኛ ቆላ ነን፤ ወባን እናውቃታለን። በርሜላችንን በደንብ እንክደን፤ ክዳን ከሌለ በወንፊት ጨርቅ ጥፍር አድርገን እንሰር፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ጎኑን ፈግፍገን እንጠብ። የትንኟ እንቁላል ግድግዳው ላይ ይጣበቃልና።

አራተኛው ወገባችሁ ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ነፍሰ ጡር እህቴ፣ በቅርብ የወለድሽም፣ ይህን ለሌላ ሰው ተዪው። ሌላ ሰው ከሌለ በ10 ሊትር ከፋፍለሽ ያዢ። አባቶች፣ ይህ ለእናንተ የተጻፈ መልእክት ነው።

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው

አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። አብዛኛው ከረጢት ለአንድ ሊትር ነው፤ ጽሑፉን አንብቡ። መለኪያ ከሌላችሁ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ፕላስቲክ ተጠቀሙ። "ይጠንክርለት" ብሎ ውሃ መቀነስ ልጁን ይጎዳዋል፤ ማቅጠንም ጥቅሙን ያጠፋል። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል፤ ከስድስት ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም በቀን። ጡትና ምግብ አይቋረጥም። ስድስት ወር ያልሞላው ጤነኛ ሕፃን ደግሞ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ በቆላ ሙቀትም ቢሆን ውሃ አያስፈልገውም።

እነዚህን ካያችሁ ግን ቤት አትቆዩ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፦

• መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው
• የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰው
• ከደከመ፣ ከፈዘዘ፣ ለመንቃት ካስቸገረ
• ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሽንቱ ከቀረ
• ሰገራው ደም ካለው
• ተቅማጡ የሩዝ ውሃ መስሎ በብዛትና በተከታታይ ከመጣ፣ በተለይ በአካባቢው አተት ካለ

በጉዞ ላይ ሳላችሁም ኦ.አር.ኤስ. መስጠታችሁን አታቋርጡ።

ከዚያ በኋላ

ልጁ 15 ወር ሲሞላው ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት መጣ። ክብደቱ 8 ኪሎ ከ700 ሆኗል። እናቱ ከዚያ እሁድ ወዲህ ተቅማጥ እንዳልያዘው ነገረችኝ። የአንድ ልጅ ጥቂት ሳምንት ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ነገም ሊያመው ይችላል፤ ልጅ ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ።

አባቱ ጉዞ ላይ ነበሩ፤ ስልኳን አውጥታ የላኩትን ፎቶ አሳየችኝ። የተሳቢው በርሜል ሥር ቧንቧ ተገጥሞለታል። አዲስ ቱቦ ተጠቅልሎ በጋቢናው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ሁለቱ ጫፍ በላስቲክ ታስሯል። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም "የመጠጥ ብቻ" ተብሎ ተጽፎበታል። "ረዳቱ ቢነካው ወየውለት ብለዋል" አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን።

እኔም አንድ ነገር ቀይሬአለሁ። ተቅማጥ ላለበት ልጅ እናት "ከየት ትቀጃለሽ?" ብዬ አላቆምም። "ከዚያስ ምን ውስጥ ይገባል? ከዚያስ?" እያልኩ ውሃው የልጁ ከንፈር እስኪደርስ አብሬ እሄዳለሁ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ወረፋው ረጅም ቢሆንም።

ዛሬ ማታ እናንተም ቤታችሁ ያለውን ውሃ ከምንጩ እስከ ልጃችሁ ኩባያ ድረስ ስንት ጊዜ ዕቃ እንደሚቀይር ቁጠሩ። ስንት ሆነ? በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ የምትችሉትን አንድ መተላለፊያ እንዴት እንደምንቀንስ እናወራለን። ሹፌርና ረዳት የሆኑ ወዳጆች ካሏችሁ ይህን አጋሯቸው።

ይህ ጽሑፍ ለትምህርት ነው፤ የታመመ ልጅ ካላችሁ በአካል በጤና ባለሙያ ይታይ።

ውሃችሁ ንጹሕ፣ ልጆቻችሁ ጤነኛ ይሁኑ። ሰላም ሁኑልኝ።